የብር ውሃ ታሪክ፤ ስለ ውሃው ጥራትና ስለ ብረቱ ንጽሕና

የዛሬው የታሪክ ዓምዳችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አይደለም፡፡ ስለ አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ባለፈው ተርም ለፎርም ቱ ተማሪዎች ኤሌክትሮሊስስ አስተምረን ነበር፡፡ ላቦራቶሪ ስለሌለን አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት የእርሳስ ዘንግና አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ይዘን ገባን፡፡ ጨው የገባበት ውሃ ውስጥ ዘንጎቹን ስንነክር አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ልጆቹም ተደሰቱ፡፡ እኛም ጥሩ አስተማርን ብለን ወጣን፡፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ተከትላን መጣችና «ቲቸር፣ የብር ውሃ ታይፎይድ ያድናል እንዴ?» አለችን፡፡ በቦርሳዋ ቢጫና ደፍረስ ያለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ነበር፡፡ በጨርቅ የተቋጠሩ ሁለት ጠገራ ብሮችም ይዛ ነበር፡፡

ታናሽ ወንድሟ ትኩሳት ከያዘው 9 ቀን ሆኖታል፡፡ አንድ ጎረቤት የብር ውሃ ሁሉንም በሽታ ይገድላል ብሎ ስለነገራቸው፣ እናትየው ከአገር ሲወጡ በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጧቸውን የአያታቸውን ሁለት ጠገራ ብሮች አወጡ፡፡ ታዲያ ባትሪውን ከብሮቹ ጋር ያገናኘችው ማን ነበረች? ተማሪያችን ናት፡፡ አሠራሩን ከየት ተማረችው? ከእኛ፡፡

ጥያቄዋን እዚያው በአንድ ቃል መልሰንላት ነበር፡፡ ግን ሌሎችም ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርሙስ መኖሩን ከሰማን በኋላ ታሪኩን ከሥሩ ለመጻፍ ወሰንን፡፡ እኛ ኬሚስትሪን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥን እንጂ ምሩቅ አይደለንም፡፡ ስለዚህ የምንጽፈው እርግጠኛ የሆንበትን ብቻ ነው፡፡ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የንጉሡ ውሃ

ብርና ውሃ የቆየ ወዳጅነት አላቸው፡፡ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን እንደጻፈው፣ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ለዘመቻ ሲወጣ በሱሳ ከተማ አጠገብ ከሚፈሰው ከኮአስፔስ ወንዝ የተቀዳ ውሃ በብር ዕቃ ተሞልቶ፣ በበቅሎ በሚጎተቱ ጋሪዎች ተጭኖ ይከተለው ነበር፡፡ የብር ውሃ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ታሪክ በጣም ይወዱታል፡፡

ግን ሄሮዶቱስ አንድ ሌላ ቃል ጨምሯል፡፡ ውሃው የተፈላ ነበር ይላል፡፡ ሰው ብሩን አስታወሰና ማፍላቱን ረሳ! ብሩ የንጉሥ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ማፍላት ግን የእያንዳንዳችን እናት የምትሠራው ሥራ ነው፡፡ ይህችን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን፡፡

ኮሎይድ ማለት ምን ማለት ነው?

ስኳር ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፡፡ አሸዋ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል፡፡ በሁለቱ መካከል ያለ ሌላ ነገርም አለ፡፡ በጣም ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ የማይዘቅጥ፣ ግን ያልሟሟ፡፡ ወተት ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም በ1861 ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ኮሎይድ» የሚል ስም አወጣ፡፡ ቃሉ በግሪክ «ሙጫ» ከሚለው የመጣ ነው፡፡

ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1857 ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ ወርቅን ደቃቅ አድርጎ ውሃ ውስጥ በተነው፡፡ ውሃው እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ሆነ እንጂ ወርቅማ አልሆነም፡፡ ብረት በጣም ሲደቅ ቀለሙ ይለወጣል ማለት ነው፡፡ የብር ኮሎይድም ብርማ ሳይሆን ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ በ1889 ደግሞ ኬሪ ሊ የተባለ የፊላደልፊያ ኬሚስት የብር ኮሎይድ በኬሚካል መንገድ ሠርቶ አሳተመ፡፡ የእሱ ሐሳብ ግን ሕክምና አልነበረም፤ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ ነበር የሚያጠናው፡፡

በ1898 ጆርጅ ብሬዲግ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት የብረት ሽቦዎችን ውሃ ውስጥ አቀራርቦ በመካከላቸው የኤሌክትሪክ ብልጭታ በማስነሣት ኮሎይድ ሠራ፡፡ ዛሬ ብዙ ሰው ቤቱ በባትሪ የሚሠራውን ከዚህ ጋር ያመሳስለዋል፤ ግን አንድ አይደሉም፡፡ የብሬዲግ ብልጭታ ብረቱን ያተንነዋል፡፡ የባትሪው ጉልበት ግን ትንሽ ነው፤ የሚሠራው ኤሌክትሮሊስስ ብቻ ነው፡፡ ከፖዘቲቩ ብር አተሞች ኤሌክትሮን ይነጠቁና የብር አዮን ሆነው ውሃው ውስጥ ይገባሉ፡፡ ስለዚህ የቤት ውስጡ «ኮሎይድ» አብዛኛው አዮን ነው፤ ኮሎይዱ ጥቂት ነው፡፡ ስሙና ነገሩ አይገጥሙም፡፡

ብር ተሕዋስያንን መግደሉስ?

እውነት ነው፣ ይገድላል፡፡ የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ፎን ኔገሊ የመዳብና የብር እጅግ ጥቂት መጠን ውሃ ውስጥ ያለ አልጌን እንደሚገድል አስተዋለ፡፡ ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1893 ነው፡፡ ይህን ጠባይ «ኦሊጎዳይናሚክ» አለው፤ «በጥቂቱ ኃይለኛ» እንደማለት፡፡ ከኔገሊ የምንማረው ግን ሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛው ብረት በጥቂቱ እንደሚሠራ ነው፡፡ ሁለተኛው ደግሞ ለዓይን ንጹህ የሚመስል ውሃ ከተቀመጠበት ዕቃ የማይታይ ብረት ሊወስድ መቻሉ ነው፡፡

በሕክምናም ብር የከበረ ታሪክ አለው፡፡ በላይፕዚግ የማህፀን ሐኪም የነበረው ካርል ክሬዴ በ1880 ገደማ የተወለዱ ሕፃናት ዓይን ውስጥ 2 በመቶ የብር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ፡፡ ከእናት የጨብጥ በሽታ እየተላለፈባቸው ዓይናቸው ይታመም የነበሩ ሕፃናት ቁጥር በእሱ ሆስፒታል ከ10 በመቶ ገደማ ወደ 1 በመቶ በታች ወረደ፡፡ ልጁ ቤኖ ክሬዴ ደግሞ በድሬስደን ቀዶ ጠጋኝ ነበር፤ በ1890ዎቹ መጨረሻ የብር ኮሎይድን ለቁስልና ለደም መመረዝ መጠቀም ጀመረ፡፡ አሜሪካ ውስጥ አልበርት ባርነስ ከሸሪኩ ጋር አርጂሮል የሚባል የብር መድኃኒት ሠርቶ ሀብታም ሆነ፡፡ በ1929 ኩባንያውን ሸጠና ዛሬም በዓለም የታወቀውን የሥዕል ስብስቡን አስፋፋ፡፡

ልብ በሉ፤ የአባትየው የክሬዴ ጠብታ ለዓይን ነው፡፡ መጠኑ የታወቀ፣ ቦታው የታወቀ፣ በሽታው የታወቀ፡፡ «ሁሉን ያድናል፣ ጠጡት» የሚለው ኋላ የመጣ ወሬ ነው፡፡

ውሃው ለምን ንጹህ መሆን አለበት?

አሁን ወደ ተማሪያችን ጠርሙስ እንመለስ፡፡ ውሃውን ከየት ቀዳሽው? አልናት፡፡ «ከቧንቧ» አለች፡፡ የካኩማ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ነው፡፡ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ውሃው ውስጥ ብዙ የሟሟ ማዕድን እንዳለ ያውቃል፡፡ በዚያ ላይ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል፡፡

እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል፡፡ አንደኛ፣ ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክን ዲስትልድ ከሆነ ውሃ በብዙ እጥፍ ያስተላልፋል፡፡ ስለዚህ ከታሰበው በላይ ብዙ ብረት ይለቀቃል፡፡ ሁለተኛ፣ የብር አዮን ክሎራይድ ሲያገኝ ብር ክሎራይድ ይሆናል፡፡ ይህ ነጭ ደቃቅ ነገር ነው፤ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፡፡ የፎርም ፎር ተማሪዎች ታውቁታላችሁ፤ ክሎራይድ መኖሩን የምንፈትሽበት ነጭ ዝቃጭ ማለት ይኸው ነው፡፡

ብር ክሎራይድ ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል፡፡ ስዊድናዊው ሼለ በ1777 ይህንን መርምሮ ጽፏል፤ ፎቶግራፍም የቆመው እንዲህ ባለው የብር ጠባይ ላይ ነው፡፡ የተማሪያችን ጠርሙስ መስኮት ላይ ቆይቶ ታቹ የጠቆረው ለዚህ ነው፡፡

ሻጮች ጠርሙሱን በባትሪ መብራት ያበሩና «ጨረሩ ሲያልፍ ይታያል፤ ስለዚህ እውነተኛ ኮሎይድ ነው» ይላሉ፡፡ በደቃቅ ነገር ላይ ብርሃን መበተኑን ጆን ቲንዳል በ1860ዎቹ አጥንቶታል፤ እውነት ነው፡፡ ግን ብር ክሎራይድም ያንኑ ጨረር ያሳያል፡፡ ደፍራሽ የወንዝ ውሃም ያሳያል፡፡ ጨረሩ ማስረጃ የሚሆነው ደቃቅ ነገር መኖሩን ነው እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም፡፡

አንዳንዱ ሰው «እሺ፣ ከጋራዥ የባትሪ ውሃ እገዛለሁ» ሊል ይችላል፡፡ ተጠንቀቁ! ጋራዥ የባትሪ ውሃ ተብሎ ከሚሸጠው አንዱ ዲስትልድ ውሃ ሲሆን ሌላው አሲድ ነው፡፡ በመልክ አይለያዩም፡፡

ብሩስ ለምን ንጹህ መሆን አለበት?

በአማርኛ «ብር» ማለት ገንዘብም ብረቱም ነው፡፡ ይህ ሰውን ያሳስታል፤ ብር የተባለ ሁሉ ብር አይደለምና፡፡

ብርን ከሌላ ብረት መቀላቀል ጥንትም ነበር፡፡ ንጹህ ብር ለስላሳ ስለሆነ ለጌጥም ለገንዘብም እንዲጠነክር መዳብ ይገባበታል፡፡ በእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1300 ባወጣው ሕግ የብር ዕቃ ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር መሆን አለበት፤ ተፈትሾም የነብር ራስ ማኅተም ይደረግበታል ተባለ፡፡ ሰው ማጭበርበሩን ባያውቅ ኖሮ ማኅተም ባላስፈለገ ነበር፡፡

አገራችን የሚታወቀው ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው፡፡ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ቁጥር እየተመታ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ይገባ ነበር፡፡ አያቶቻችን ሐሰተኛውን ለመለየት በጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥሩ እንደነበር ይነገራል፡፡ ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ንጽሕናውም ከ1,000 እጅ 833 ነው፡፡ ይህም ማለት በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ብር አለ፤ የቀረው 4.7 ግራም ያህሉ መዳብ ነው፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ያስጀመሩት ብርም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ 835 ነው፡፡

ስለዚህ ጠገራ ብር ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ውሃ ውስጥ የከተተ ሰው መዳቡንም አብሮ ወደ ውሃው ይለቃል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ መዳብ ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፡፡ ከዚያ ሲያልፍ ሆድ ያውካል፤ ያስመልሳል፡፡ ትኩሳት ላለበትና ውሃ ላጣ ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ከጠገራው የባሰም አለ፡፡ ገበያ ላይ ብር ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ቀለበትና መስቀል መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ አንዳች ብር የለበትም፡፡ ላዩ ብቻ ብር የተቀባም አለ፡፡ ቅቡ ሲያልቅ ውሃው ውስጥ የሚገባው ከሥር ያለው ብረት ነው፡፡

እስቲ እናስላው

ፋራዴይ በ1830ዎቹ ባገኘው ሕግ መሠረት የሚለቀቀው ብረት ከሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጋር እኩል ይሄዳል፡፡ ንጹህ ብር ቢሆን 1 ሚሊ አምፔር ለ1 ሰዓት ሲያልፍ 4 ሚሊ ግራም ያህል ብር ይለቀቃል፡፡ (ተማሪዎች፣ 3.6ን ለ96,485 አካፍሉና በ107.87 አባዙት፤ መልሱ በግራም ይመጣል፡፡)

ይህ በግማሽ ሊትር ውሃ ከሆነ፣ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ውሃን ከጀርም ለመጠበቅ ብር ሲጨመር በሊትር እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢኖር ጉዳት የለውም ይላል፡፡ የእኛው ጠርሙስ 80 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በ1 ሚሊ አምፔርና በ1 ሰዓት! በቧንቧ ውሃ 10 ሚሊ አምፔር ቢያልፍ የሚለቀቀው በሰዓት 40 ሚሊ ግራም ነው፡፡ ቤት ውስጥ አምፔሩን የሚለካ አለ? ሰዓቱን የሚቆጥርስ? «እስኪቢጭ ድረስ» ነው የሚባለው፡፡

ሰማያዊ የሆኑ ሰዎች

በ1935 የዶማግክ የሰልፋ መድኃኒት ታወቀ፡፡ በ1928 ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊን ደግሞ በ1940ዎቹ በብዛት ተመረተ፡፡ ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ብር ከሐኪሞች እጅ ወጣ፡፡ የወጣው የተሻለ ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱም ስለታየ ነው፡፡ ብር ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ቆዳ ውስጥ ይከማቻል፡፡ ቆዳ ውስጥ ያለው ብርም ልክ እንደ ፎቶግራፍ ፊልም ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል፡፡ ሰውየው ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል፤ አይለቅም፡፡ በሽታው አርጂሪያ ይባላል፡፡

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ1999 የብር ኮሎይድ ያለባቸው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ፈዋሽነታቸውም አልተረጋገጠም ብሎ ወሰነ፡፡ በዚያው ዓመት ስታን ጆንስ የተባለ የሞንታና ሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ኮምፒዩተሮች ይቆማሉ፣ መድኃኒትም ይጠፋል ብሎ ስለሠጋ ቤቱ የብር ውሃ እየሠራ ይጠጣ ጀመር፡፡ በ2002 ለሴኔት ሲወዳደር ፊቱ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ያወቀውም በዚያ ነው፡፡ ሰውየው ሞኝ አልነበረም፤ መድኃኒት አጣለሁ ብሎ የፈራ ሰው ነው፡፡ ይህን ፍርሃት እኛ እዚህ በደንብ እናውቀዋለን፡፡ በ2020 ኮሮና ሲመጣም ያው ነገር ተደገመ፤ የብር ውሃን የኮሮና መድኃኒት ብለው የሸጡ ሰዎች ከዚያው መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፡፡

ብር የሚሠራበት ቦታ

ብርን ጨርሶ ማጥላላትም ትክክል አይሆንም፡፡ በ1968 ቻርልስ ፎክስ ያስተዋወቀው የብር ሰልፋዳያዚን ቅባት ለተቃጠለ ሰው ብዙ ጠቅሟል፡፡ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሩሲያ ክፍል የመጠጥ ውሃ በጥቂት ብር ይጠበቅ ነበር፡፡

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ግን የሸክላ ማጣሪያው ነው፡፡ በ1981 የጓቲማላው ፈርናንዶ ማዛሪየጎስ ሸክላ ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ ሲተኮስ፣ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ደቃቅ ቀዳዳ እንዲተው አድርጎ ማሰሮ ሠራ፡፡ በብር ኮሎይድም ተቀባ፡፡ ሮን ሪቬራ የተባለ ሸክላ ሠሪ ከ1998ቱ የሚች አውሎ ነፋስ በኋላ በኒካራጓ፣ ቀጥሎም በብዙ ድሃ አገሮች አሠራሩን አስፋፋ፡፡ በ2008 ለዚሁ ሥራ ናይጄሪያ ሄዶ በያዘው ወባ ሞተ፡፡ እዚህ ላይ የብሩ ሥራ ማሰሮውን መጠበቅ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያስቀረው ሸክላው ነው፡፡ ብሩ የሚለካው በፋብሪካ ነው፤ ሰውም ብሩን ሳይሆን ውሃውን ነው የሚጠጣው፡፡

ክሎሪንም የራሱ ታሪክ አለው፡፡ በ1897 በእንግሊዝ ሜይድስቶን ከተማ ታይፎይድ ሲነሣ የውሃ መስመሩ በክሎሪን ታጠበ፡፡ በ1908 በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ውሃ ዘወትር ክሎሪን ይጨመርበት ጀመር፡፡ እኛ «ይሸታል» እያልን የምናማርረው ክሎሪን ብር በሰዓታት የሚሠራውን በደቂቃዎች ይሠራል፡፡

ከጠርሙሱ በኋላ

ያን ዕለት ከተማሪያችን ጋር ቤታቸው ሄድን፡፡ ልጁ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል፡፡ «እናቴ፣ አሁኑኑ ክሊኒክ እንውሰደው» አልናቸው፡፡ «መምህር፣ ሰልፉን ችዬ ሁለት ቀን ተመልሻለሁ እኮ» አሉን፡፡ እውነታቸውን ነው፡፡ የብር ውሃ በር የሚያገኘው ሰው ሰልፍ ላይ ሲመለስ ነው፡፡ ተሸክመነው ሄድን፤ ተመረመረ፤ ታይፎይድ ነበር፤ መድኃኒት ተሰጠው፡፡ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ኳስ ይጫወታል፡፡

እናትየው ኋላ ሁለቱን ጠገራ ብሮች በትምህርት ቤቱ ሚዛን እንድንመዝንላቸው ጠየቁን፡፡ ከፖዘቲቩ ጋር የታሰረው 27.2 ግራም፣ ሌላው 27.8 ግራም ሆነ፡፡ ከጎደለው ስንቱ በውሃው እንደሄደ፣ ስንቱ በብዙ ዓመት የሰው እጅ እንደተፋቀ ሚዛኑ አይነግረንም፡፡ እሳቸው ግን ጠቆር ያለውን በጣታቸው አሻሹትና መልሰው ቋጠሩት፡፡

ጥፋቱ የእኛም ነው፡፡ ባትሪውንና ኩባያውን አሳየን፤ «ይህ አይጠጣም» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልተናገርንም፡፡ መምህራን ሆይ፣ ሙከራ ስታሳዩ ልጁ ቤቱ ሄዶ እንደሚደግመው አስባችሁ አሳዩ፡፡ ተማሪዎች ደግሞ ከአሁን በኋላ ማንም «የብር ውሃ ነው» ብሎ ጠርሙስ ቢያቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፡፡ ውሃው ከየት ተቀዳ? ብሩ ከ1,000 እጅ ስንት ነው? በሊትር ስንት ሚሊ ግራም አለበት? ሦስቱንም ቢመልስ እንኳ አትጠጡት፤ ባይመልስ ግን እሱም እንደማያውቀው ታውቃላችሁ፡፡

ትኩሳት ከሁለት ቀን ካለፈ ወደ ክሊኒክ፤ ሰልፉ ከከበዳችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ፤ አብረን እንሰለፋለን፡፡ ውሃ ከተጠራጠራችሁ አፍሉት፡፡ ቂሮስም ያፈላ ነበር፡፡